ከዋሃካ የመጣው ገል

አልፈነዳም! ተናኜ፣ ሰማሽኝ? አልፈነዳም! ከእሳቱ ሙሉውን ወጣ። አንገቱ አልተሰነጠቀ፣ ቂጡ አልተላቀቀ፣ በጥፍሬ መታ መታ ሳደርገው ጭራሽ እንደ ደወል ጮኸልኝ። ይኸው ይህን ስጽፍልሽ ጠረጴዛው ላይ ከፊት ለፊቴ ተቀምጧል። አንድ ጎኑ ጠቁሯል፣ ትንሽም ወደ ግራ ያዘነብላል። ሃይሉ «የሰከረ ማሰሮ» እያለ ያሾፍብኛል። ያሹፋ! ባሌ ከሆነ ጀምሮ መቼ ሳያሾፍብኝ ውሎ ያውቃል! አልፈነዳም ነው የምልሽ!

እዪ እንግዲህ፣ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም ጀመርኩ። ውድ እህቴ ተናኜ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ልጅሽ ኦሬንና ሚስቱ ኢፋት ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሃይሉ አሁንም ከሰፈራችን ከአሚሻቭ ወደ መሃል ከተማ የሚሄደውን አውቶቡስ ይነዳል። እኔም ያው ከመዋያው ሕጻናት ጋር ስለፋ እውላለሁ፤ የሰው ልጅ አፍንጫ ስጠርግ ዕድሜዬ ሊያልቅ ነው።

«ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?» ትይኝ ይሆናል። በስልክማ ስንቴ ሞከርኩሽ! ሸክላ የምትለዋ ቃል ገና ከአፌ ሳትወጣ «ቤኤር ሼቫ ዛሬ ሙቀቱ አይጣል ነው» ትያለሽ። ብደግመው «በሩ ተንኳኳ» ትያለሽ። ያንቺ በር ስንት ጊዜ ይንኳኳል እቴ? ደብዳቤን ግን መሃል ላይ አትዘጊውም። ብትወረውሪው እንኳ ቆይተሽ ታነሺዋለሽ፤ አውቅሻለሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርሽና ታግሰሽ አንብቢኝ። ወሬ እንደማበዛ ዛሬ አይደለም ያወቅሽው።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው በልጄ በሮተም ነው። ከሠራዊት ወጥታ እንደ እኩዮቿ ቦርሳዋን አዝላ ስትሄድ ሌሎቹ አገር ለአገር ሲዞሩ የእኔዋ ሜክሲኮ ውስጥ ዋሃካ የምትባል ከተማ ደርሳ እዚያው ቁጭ አለች። «ኢማ፣ እዚህ ያለው ሰው አንቺን ይመስላል፤ ገበያው የምትነግሪኝን ገበያ ይመስላል። አምሳ ዓመት ሞላሽ አይደል? አንቺና ዶዳዬ፣ አክስቴ ተናኜ፣ ኑ፤ ከተማውንም ዙሪያውን ያሉትን መንደሮችም አሳያችኋለሁ» አለች። አንቺም እሺ አልሽ። አልሽ እኮ ተናኜ! ቲኬት ተቆረጠ፣ አዲስ ጫማ ገዛሽ፣ እኔ ደግሞ ያንን ቀይ ሻንጣ ገዛሁ። ከዚያ ሮተም ፎቶ ላከችልን። ቀይ ሽርጥ ያሸረጡ ሴቶች መሬት ላይ ተንበርክከው፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ፣ መሃላቸው ማሰሮ። «እነዚህም ጋ እንሄዳለን» ብላ ጻፈች፤ ደስ የሚልሽ መስሏት።

በማግስቱ ደውለሽ «ጉልበቴ አልቻለም፤ እናንተ ሂዱ» አልሽ። ጉልበትሽ እንደሚያምሽ አውቃለሁ። ግን ጉልበትሽ ከፎቶው በፊትም ያምሽ ነበር።

እሺ በሰደር ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። «የለም ተናኜ፣ ጉልበትሽ አይደለም» ማለት ነበረብኝ፤ ዛሬም የሚቆጨኝ እሱ ነው። አውሮፕላኑ ላይ ወንበርሽ ባዶ ነበር። ቦርሳዬን አስቀመጥኩበት፤ ቆይቼ ደግሞ ደስ ስላላለኝ አነሳሁት። ያን ሁሉ መንገድ ከባዶ ወንበር ጋር ተጓዝኩ።

ዋሃካን ብታዪያት! ቤቶቹ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ የበሰለ ቲማቲም። መንገዱ ላይ ከጣራ ጣራ ከባለቀለም ወረቀት የተቀረጸ ጌጥ ተዘርግቶ ነፋስ ሲመጣ ይንሿሿል። ሰርግ አገኘን፤ ሙሽሮቹ መሃል አስፋልት ላይ መለከት እያስነፉ፣ ቁመቱ ከሰው እጥፍ የሆነ አሻንጉሊት የተሸከመ ጎረምሳ ከፊት ከፊታቸው እየተሽከረከረ። አንድ ቀን ደግሞ አደባባዩ ላይ ሰው ተሰልፎ ምን ያያል መሰለሽ? ጽኖኒት! አዎ፣ እዚህ ሰላጣ ላይ የምንቆርጣትን ቀይዋን ሥር። ከእሷ ሰው ቀርጸዋል፣ ቤት ቀርጸዋል፣ በሬ ከነቀንበሩ ቀርጸዋል። «ምግብ እንዲህ ይጫወቱበታል?» ስትይ ድምፅሽ ጆሮዬ ላይ ነበር። ቴዎቲትላን የሚባል የሸማኔዎች መንደር ሄድን። ቁልቋል ላይ የምትኖር ነቀዝ የምታክል ተባይ አለች፤ አንዲት ሴትዮ መዳፌ ላይ አድርጋ በአውራ ጣቷ ጨፈለቀቻት፣ መዳፌ ደም የነካው መሰለ። ክሩን የሚያቀሉት በእሷ ነው። ይህን ሁሉ ሳይ በየደቂቃው ዞር እልና «ተናኜ፣ እዪውማ!» ልል ስል ሮተም ናት። ልጄን እወዳታለሁ፤ ግን እሷን «ያቺን የእኛን ሰፈር ሸማኔ ታስታውሻለሽ?» አልላትም። የማታስታውሰውን ምን ልበላት?

አሁን ዋናው ጋ ደረስኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሮተም ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወደተተከሉት የምግብ ዳሶች ወሰደችኝ። እንደ ወረቀት የሳሳ ቂጣ በዘይት ጠብሰው፣ በስኳር ውሃ አርሰው፣ በሸክላ ሳህን ያቀርባሉ። ቂጣውን ትቼ ሳህኑን አየሁት። ቀለም ያልተቀባ፣ ቀይ፣ ከንፈሩ ላይ የሠሪዋ ጣት ያረፈበት። አገላብጬ ሳየው ከኋላዬ ዷ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስዞር አንድ ሽበታም ሰውዬ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ቆሟል፤ የበላበትን ሳህን በትከሻው አሳልፎ ወርውሮ ሰብሮታል። ሚስቱ ቀጠለች፣ ዷ! ልጆቻቸው ቀጠሉ። ግድግዳው ሥር ገሉ ተቆልሏል።

«ሮተም፣ ምንድነው? ተጣሉ?»

«አይ ኢማ፣ ባህላቸው ነው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል እዚህ መጥተው ይበሉና ሳህኑን ይሰብሩታል። አሮጌው ይሂድ፣ አዲሱ ይምጣ ነው። ሲወረውሩም አንድ ነገር ይመኛሉ።»

ተናኜ፣ ፋሲካ ነዋ! የአገር ቤቱ ግቢያችን ነዋ! እማዬ ዓመቱን ሙሉ እርሾ የነካውን ዕቃ ሁሉ፣ ድስቱን፣ ማሰሮውን፣ ገንቦውን፣ አንድ በአንድ አውጥታ ደጅ ደርድራ በዱላ ስትሰብረው፤ እኛ ልጆቹ ስንጨፍር፤ ለበዓሉ የሠራችው አዲሱ ዕቃ ውስጥ ሆኖ ሲጠብቅ። አንቺ ያን ቀን ከቤት አትገኚም ነበር። ድምፁን ላለመስማት እንስራ አዝለሽ ወንዝ ትወርጂ ነበር። ለምን እንደምትወርጂ እኔ ያኔ አላውቅም።

እና ሳህኔን ወረወርኩ። ዷ! ደስ ሲል! ከዚያ የሮተምን ነጠቅኳት፤ ገና ግማሹን ነው የበላችው። ዷ! ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ታጥበው የተደረደሩ ነበሩ። እኔ ምን አውቃለሁ? እማዬ አንዲት ጽዋ እንኳ አስቀርታ አታውቅም፤ የቀረ ካለ ፋሲካ አይሆንም። አንዱን፣ ሌላውን፣ ሌላውን። የውሃ ማሰሮውን በሁለት እጄ ሳነሳ ሮተም ክንዴ ላይ ተንጠለጠለች።

«ኢማ፣ ዳይ! ይበቃል! ምን ሆንሽ? የሴትዮዋ ዕቃ ነው!»

«እና ይህን ልታስቀሩት ነው?»

«ኢማ! የሰው ነው እኮ!»

ባለ ዳሷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማ ታየኛለች። ዘወር ብላ ለሮተም አንድ ነገር ተናገረች፤ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። «ምን አለች?» አልኳት። ሮተም ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ «ጠይቂያት እስቲ፣ ስንት ምኞት ነው ያላት? አለች» አለችኝ።

እኔም ሳቅኩ። እየሳቅሁ ደግሞ እንባዬ መጣ፤ ታውቂኝ የለ፣ ሳቄና ልቅሶዬ ጎረቤት ናቸው። «አንድ ብቻ ነው በያት። እህቴ አብራኝ ብትሆን» አልኩ። ሴትዮዋ ሳቋን ተወችው። ሮተም ዋጋውን ከፍላ ይቅርታ ስትጠይቅ ስለ እማዬም ነገረቻት መሰለኝ፣ ሴትዮዋ «ሳህኖቹን የሠራችው አክስቴ ማካርያ ናት፤ ሳን ማርኮስ የሚባል መንደር ነው ያለችው፤ እሁድ ትላኮሉላ ገበያ ላይ አታጧትም» አለችን። ስንሄድ ጎንበስ ብዬ የሰበርኩትን ገል በሻሽ እለቅማለሁ። «ምን ልታደርጊበት?» አለችኝ ሮተም። «እኔ እንጃ» አልኳት። እውነቴን ነው። እጄ ነበር የሚለቅመው።

እሁድ ትላኮሉላ ሄድን። ያ ገበያ፣ ተናኜ! በርበሬው፣ ዶሮው፣ ገመዱ፣ ተቀምጠው የሚሸጡት እናቶች የሻሽ አስተሳሰራቸው። ማካርያን ከማሰሮዎቿ መሃል አገኘናት፤ የእኔና የአንቺ ዕድሜ መሃል ትሆናለች፣ ሁለት ጉንጉኗን በሪባን አስራ። ገዢዎቹ ሲመጡ አየኋቸው። ማሰሮውን ያነሳሉ፣ ያንኳኳሉ፣ ይከራከራሉ፣ ልጃቸውን አዝለው እላይዋ ላይ ያዘነብላሉ። እሷም የታዘለውን ሕጻን ጉንጭ ነካ አድርጋ «ሲያምር!» ትላለች፤ እናትየዋ ትስቃለች። ትስቃለች ተናኜ! ማንም ልጁን አልሸፈነ። ማንም ወደ ኋላ አላለ። ቆሜ አየሁ፣ አየሁ፣ ከዚያ አንድ ጥግ ሄጄ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። የሚገባሽ አንቺ ብቻ ነሽ፤ አንቺ ደግሞ እዚያ የለሽም።

በማግስቱ ቤቷ ሄድን። መሬት ላይ ተንበርክካ ጭቃውን በመዳፏ ስታሳድግ፣ በበቆሎ ቆረቆንዳ ስታለሰልስ፣ በወንዝ ድንጋይ ስታብረቀርቅ ያየሁት እማዬን ነው። ሮተምን «አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ ሰዉ ቡዳ አይላችሁም ወይ በያት» አልኳት።

«ኢማ፣ ቡዳን እንዴት ብዬ ልተርጉመው?»

«በዓይኗ ሰው የምትበላ በያት።»

ሮተም እየተንተባተበች ነገረቻት። ማካርያ እጇን ከጭቃው አውጥታ ትክ ብላ አየችኝና «እኛ ነን እንጂ የሰው ዓይን የምንፈራው!» አለች። «ክፉ ዓይን ካረፈበት ሸክላው እሳት ውስጥ ይፈነዳል። ስንተኩስ እንግዳ አናስገባም።» ስንት ዘመን ከእኛ ዓይን ሲሸሹ ኖሩ፣ እዚያ ደግሞ ሠሪዋ ናት የምትሸሸው! ከዚያ ማገዶዋን ደርድራ፣ ማሰሮዎቿን ደፍታ፣ እሳቱን ልትለኩስ ስትል እኛ ልንወጣ ተነሳን። እሷ ግን በእጇ ጠራችኝ። «አንቺ ግቢ» አለች።

ገባሁ። ግን ያ «ግቢ» የአንቺ ነበር። እኔ በአንቺ ፈንታ ነው እሳቱ ዳር የቆምኩት። ይህን እስከዛሬ አልነገርኩሽም፤ በስልክ እንዴት ይነገራል?

ስንመለስ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ፈታሿ ሻሹን ፈታች። «ምንድነው ይሄ?» አለችኝ። «ገል ነው፤ የተሰበረ ሳህን» አልኳት። «በጉዞ ላይ ተሰበረብሽ?» «ኧረ እኔው ነኝ የሰበርኩት!» አልኩ በኩራት። አለቃዋን ጠራች። አለቃዋ ደግሞ ሌላ ሰው ጠራ። ሮተም «እናቴ ናት፣ ምንም አይደለም» እያለች ስትለምን ብታዪ በሳቅ ትሞቺ ነበር።

እዚህ ከደረስኩ በኋላ እጄ እረፍት አጣ። ጭቃ ገዛሁ፤ አትሳቂ! አዎ፣ በከረጢት የታሸገ ጭቃ ሱቅ ገብቼ ገዛሁ። እማዬ ብታይ ምን ትል ነበር? አንቺ እኛ ቤት ስትመጪ አላየሻትም ይሆናል፤ የመጨረሻ ዓመቶቿን ሚርፔሴቱ ላይ፣ ማለት ሰገነቱ ላይ፣ ስትቀመጥ ከአበባው ማሰሮ አፈር ቆንጠር ታደርግና በጣቶቿ መሃል ታሻሸዋለች። «አሸዋ ነው፤ አይያያዝም» ትልና ትመልሰዋለች። በየቀኑ ያንኑ አፈር፣ በየቀኑ ያንኑ ቃል። እኔ ደግሞ «እማዬ፣ ወለሉን አታቆሽሺው» እላለሁ። «የሚያያዘው ምን ዓይነት ነው?» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። አሁን ሰጉላ መቃብር ሄጄ ብጠይቃት ማን ይመልስልኛል? የቀረሽኝ አንቺ ነሽ። ከእማዬ እጅ ጋር እጅሽን ጭቃ ውስጥ ያስገባሽ አንቺ ብቻ ነሽ፤ እኔማ ሕጻን ነበርኩ።

እንግዲህ ሠራሁ፣ አደረቅሁ፣ ሮተምና እኔ ከሕንጻችን ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ፣ ልጆቹ ለላግ ባዖሜር በዓል እሳት በሚያነዱበት፣ ተኮስነው። ሮተም ኩበቱን ከአንድ ሞሻብ፣ ከገበሬዎች መንደር፣ በጆንያ አመጣች፤ የሃይሉ መኪና እስካሁን ይሸታል። ጭሱ ሲወጣ ከላይ ሚሪ፣ የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤታችን፣ ከመስኮት ብቅ ብላ «ትብለጥ! ላግ ባዖሜር ገና ነው እኮ! ልብሴን አስጥቻለሁ!» ብላ ጮኸች። ይቅርታ ልላት ቀና ስል እሳቱ ውስጥ ጧ! አለ። ማሰሮዬ ሄደ። ሚሪ ደንግጣ መስኮቷን ዘጋች፤ ሮተም «የእሷ ዓይን ነው» ብላ ሳቀች፤ ለእኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ደገምኩ፤ ፈነዳ። ደግሞ ሠራሁ፤ ፈነዳ።

ያኔ ነው የደወልኩልሽ። ታስታውሻለሽ? «ተናኜ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅሽና ስለ ሙቀቱ ትነግሪኛለሽ። ለምንድነው እሳት ውስጥ የሚፈነዳው?» አልኩሽ። ቴሌቪዥንሽ ሲያወራ ይሰማኛል። በሩ ሊንኳኳ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ በዚያ በድሮው ድምፅሽ፣ ወንዝ ወርደሽ ስትጠሪኝ በነበረው ድምፅ፣ «ገል አስገብተሽበታል?» አልሽ።

«የምን ገል?»

«ወቅጠሽ፣ ነፍተሽ። ያለ ገል እሳት አይችልም።» ከዚያ ቶሎ ብለሽ «በይ ደህና ዋይ» አልሽና ዘጋሽው።

አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ ሸክላ የሚባል አላውቅም ስትይ ከርመሽ! ሁሉም እዚያው አለ እኮ ተናኜ፤ አፍሽ ቢዘጋው እጅሽ አልረሳውም።

ሻሹን አወጣሁ። የዋሃካውን ገል ሙቀጫ ውስጥ ጨመርኩና መውቀጥ ጀመርኩ። ድፍ፣ ክሽ፣ ድፍ፣ ክሽ። እና በዚያ ድምፅ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉውን ተመልሶ መጣ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ለዚያ ቀን ነው። ማሰሮውማ ሰበብ ነው።

አሁን የምጽፈውን ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም ልጻፈው፤ ማናችንም ተናግረነው አናውቅማ። አንቺ ለአቅመ ሔዋን ደርሰሻል፤ እኔ ገና ጥርሴ እየወለቀ ነበር። የመጀመሪያሽ ነበር ብቻሽን ገበያ ስትወጪ። ማሰሮዎቹን አንቺ ራስሽ ሠርተሻቸዋል፤ አንገታቸው ዙሪያ በአውራ ጣትሽ ተጭነሽ ያወጣሽው ጌጥ ነበራቸው፤ እማዬ እንኳ እንዲያ አታደርግም። አንዲት ገዢ የታዘለ ልጇን «ሲያምር» አልሽላት። ልጁ እዚያው አስመለሰ፤ ሙቀት ይሁን ምን ይሁን ማን ያውቃል። «በላችው!» ብላ ጮኸች። ሰው ተሰበሰበ። አንቺን አልመቱሽም፤ ማሰሮዎችሽን ግን አንድ ሳይቀር ረገጧቸው። ባዶ ገመድሽን ይዘሽ መጣሽ፣ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አድርገሽ ተኛሽ። ከዚያ ወዲያ ጭቃ አልነካሽም።

ይኼን ታውቂያለሽ። የማታውቂው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው፤ ተኝተሽ ነበርና።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እማዬ ባዶ አቁማዳ ይዛ ወጣች። ፀሐይ ሞቅ ሲል ተመለሰች፤ አቁማዳው ሞልቷል። ደጅ ዘረገፈችው። ገል ነው። ማሰሮዎችሽ ናቸው። ያን ገበያ ሁሉ፣ የሚሉትን እያሉ እያዩዋት፣ ተንበርክካ ከአቧራው ውስጥ ለቅማዋለች። ሙቀጫውን አመጣችና «ነይ ውቀጪ» አለችኝ። አንዱ ገል ላይ የአውራ ጣትሽ ጌጥ ነበረበት፤ የእኔን ጣት ከተትኩበት፤ ሰፋኝ። «ይሄ ያምራል፤ ላስቀምጠው?» አልኳት። እማዬ ከእጄ ወስዳ ሙቀጫው ውስጥ ጨመረችው። «ውቀጪው። የእህትሽ እጅ ነው፤ መሬት አይቀርም» አለችኝ።

ወቀጥኩት፤ ነፋችው፤ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ለወሰችው። ከዚያ ሮጬ ወደ ጨዋታዬ ሄድኩ፤ ሕጻን ነኝ፣ ምን ይገባኛል? ይኸው እስካሁን ሙቀጫው እስኪያስታውሰኝ ድረስ ከሐሳቤ ጠፍቶ ኖረ።

ግን አስቢው ተናኜ። ያኔ የሠራችው ማሰሮ ውስጥ አንቺ ነበርሽ። በፋሲካ ተሰበረ፤ ገሉ ተወቀጠ፤ ለሚቀጥለው ገባ። እሱም በፋሲካው ተሰበረ፤ ደግሞ ገባ። አገራችንን ትተን እስከወጣንበት ቀን ድረስ እማዬ የሠራችው ዕቃ ሁሉ እሳቱን የቻለው በአንቺ ነው። አንቺ ድምፁን ላለመስማት ወንዝ ስትወርጂ እኛ የምንሰብረው አንቺ እንድትቀጥዪ ነበር። ምን ነበር ጠርታ ብታሳይሽ! ምን ነበር «ተናኜ፣ ተነሽ፣ እጅሽ ይኸውልሽ» ብትልሽ! እሷም እንደ አንቺ ናት፤ የሚያማትን በሥራ እንጂ በአፍ አትናገርም። እኔ ወሬኛዋ ደግሞ ሁሉን ሳወራ ይህቺን አንዷን ሳላወራት ቀረሁ። እማዬ ሚርፔሴቱ ላይ አፈር እያሻሸች አንቺ ሶፋው ላይ ስትቀመጪ፣ ይህች ነገር በመሃላችሁ ነበረች፤ አንድ ቃል ነበር የሚበቃችሁ።

እንግዲህ የዋሃካውን ገል ለውሼ ሠራሁ። ትናንት ተኮስነው። ሚሪ በዚህኛው ጊዜ ልብሷን አስገብታ፣ የአሮጌ ቁምሳጥን ሳንቃ ተሸክማ ወረደች። «ዓይኔ ነው ካላችሁ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ» ብላ፣ እውነቷን እስከመጨረሻው ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች! ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ኩበቱ አመድ ሆነ። ምንም አልጮኸም። ሮተም በብረት ስታወጣው ሃይሉ ኮፍያውን አወለቀ፤ ከዚያ ነው የሰከረ ማለት የጀመረው።

አንድ ነገር ልለምንሽ ነው። ይህን ማሰሮ አላበስልበትም፣ መደርደሪያ ላይም አላስቀምጠውም። መጥተሽ አንቺ ትሰብሪዋለሽ። ማንም ሳይጮህብሽ፣ በራስሽ እጅ፣ ለፋሲካ፣ እንደ ወጉ። ገሉን እኔ እወቅጥልሻለሁ፤ ያ ሥራ የእኔ ነው። ከዚያ ብትፈልጊ ለሮተም ጭቃው እንዴት እንደሚያያዝ ታሳያታለሽ፤ ባትፈልጊም ወንበር አለሽ፣ ትቀመጫለሽ። ለመንበርከክ ጉልበትሽ እንቢ ካለ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፤ ማካርያ አይታ አትከስሽም። አንገቱ ላይ ግን በአውራ ጣትሽ ያንን ጌጥ እንድታደርጊበት እፈልጋለሁ። አሁን ጣቴ ልክክ ይልበት ይሆናል።

በር ተንኳኳ እንዳትይኝ። የሚያንኳኳው ሃይሉ ነው፤ በመኪናው መጥቶ ይወስድሻል፤ መስኮቱን ክፈቺው፣ የኩበቱ ሽታ አለ። ኦሬንንም፣ ኢፋትንም፣ ልጆቹንም ይዘሻቸው ነይ፤ ሚሪም ትኖራለች፣ በዚህኛው ጊዜ ፊቷን ወደኛ ታዞራለች። ያላ፣ በይ እንግዲህ፣ ቃሌን ጨረስኩ፤ እህትሽ ትብለጥ ነኝ።

ቀኑ ከፋሲካ በፊት ያለችው ዓርብ ነው፤ ጠዋት፣ አሚሻቭ፣ ከሕንጻችን ጀርባ። አንድም ሰው እንዳይቀር።